የድንጋዩ ጀርባ

የሻረግ ጣት ከደብዳቤው ሦስተኛ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ምነው? ቃሉ ከበደሽ?» አሉ መምህር ሙሉአለም። አንድ ጉንጫቸው ሎሚ የጎረሱ መስሎ አብጧል፤ ነጭ ሻሽ ከአገጫቸው እስከ አናታቸው ጠምጥመው አስረዋል። ጥርሳቸውን ለማስነቀል ጎንደር ሊወጡ ነው፤ አውቶቡሱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል።

«አይ፣ ገብቶኛል ቲቸር።»

«እንግዲያው ተርጉሚልኝ። ጓድ አዛናው ዛሬ ጠዋት ነው የሰጠኝ። ቅዳሜ በቀበሌው ስብሰባ ፊት ይነበባል። እኔ እንኳን እንግሊዝኛ፣ የራሴንም ስም ማንበብ አቅቶኛል፤ ሕመሙ ዓይኔ ድረስ ገብቷል። በዚህ ትምህርት ቤት ከእኔ ቀጥሎ እንግሊዝኛ ያለው አንቺ ጋ ነው። እንዳለ ተርጉሚው። አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ፣ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ።»

ይህን ብለው ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ወጡ። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት የሻረግና ጓደኛዋ ኩብራ ነበሩ። ኩብራ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። እናቷ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የመጡ ስለሆኑ፣ በአማርኛዋ መሐል ዐረብኛው ሳይጠሩት ዘው ይላል።

«ወላሂ ፊትሽ ዱቄት መሰለ» አለች ኩብራ። «ምን ይላል? ሰው ሞተ?»

«ወፍጮ ይላል።»

«የማን ወፍጮ?»

«የእኛ።»

ሁለቱ ሮጠው ከኳስ ሜዳው ዳር ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ጊዜው የሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ነበር፤ ታኅሣሥ ብርድ የሚሆነው ሌላ አገር ነው፣ መተማ ላይ ጥላ የሌለው ሰው በፀሐዩ ራሱን ይዞ ይዞራል። የሻረግ መዝገበ ቃላቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ መስመር በመስመር እየቆፈረች ለኩብራ አነበበችላት።

ደብዳቤው «ለመተማ ባለወፍጮ» ይላል። የጻፈችው ዶሮቲ ፓስክ የምትባል፣ እንግሊዝ አገር ገጠር ውስጥ የምትኖር ጡረተኛ አስተማሪ ናት። የቤተሰቧን ታሪክ እየፈለገች ነው። አባቶቿ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበሉ በአንዲት ትንሽ ወንዝ ዳር ስንዴ ሲፈጩ የኖሩ ባለወፍጮዎች ናቸው። በቤታቸው አንድ ልማድ አለ። የባለወፍጮ ስም በላይኛው ድንጋይ ጀርባ ላይ ይቀረጻል። ወፍጮውን ለሌላ ሰው ሲያስረክብ፣ የተረካቢውን ስም ከራሱ ስም ሥር በገዛ እጁ ይቀርጽለታል። መጨረሻ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው፣ የወፍጮው ጌታ እሱ ነው። በእንግሊዙ ድንጋይ ላይ ስድስት ስም አለ፦ ቶማስ፣ ሪቻርድ፣ ሌላ ቶማስ፣ ጆብ፣ ኤድዊን፣ ዋልተር።

«ዋልተር ወንድሜ ነው» ይላል ደብዳቤው። «እሱ ወደ ጦርነት ሊሄድ ሲነሳ አባታችን ስሙን ቀረጸለት፤ ተመልሶ እንዲረከበው። በሱዳን በኩል ወደ እናንተ አገር ገባ። ከመተማ በላከልን የመጨረሻ ደብዳቤ፣ እዚህ ወፍጮ ሠርቻለሁ፣ የቤታችንንም ልማድ ድንጋዩ ላይ አድርሻለሁ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ጦርነት ተላከና እዚያው ቀረ። የእኛ ወፍጮ ከተዘጋ ሃያ ዓመት ሆኖታል። የቤታችን ስም እዚያ ላይ ያቆመ ይመስለኝ ነበር። ያንን ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ምን ተጽፎበት እንዳለ ቢነግረኝ ለቀረችኝ ዕድሜ ይበቃኛል።»

ኩብራ ቀኑን በጣቷ ቆጠረች።

«ያ ሰላም! ቅዳሜ እኮ ነው የእናንተ ወፍጮ ጉዳይ የሚታየው» አለች።

የሻረግም የደነገጠችው ለዚሁ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከበላይ መመሪያ መጥቷል፤ የውጭ አገር ሰው ጥሎት የሄደ ንብረት ካለ ይመዝገብና ለገበሬዎች የአገልግሎት ማኅበር ይሰጥ የሚል። የእነ የሻረግን ወፍጮ ደግሞ ከተማው ሁሉ «የእንግሊዝ ወፍጮ» እያለ ነው የሚጠራው። አያቷ እማማ ውባንች ሊቀመንበሩ ፊት ቀርበው «የባሌ የያረጋል ድካም ነው፣ ስሙን ያወጡለት ሰዎች ናቸው» ብለው ምለዋል። ወፍጮው ከሄደ ምን እንደሚከተል የሻረግ ታውቃለች። አባትና እናቷ አብርሃ ጅራ ሰሊጥ ያርሳሉ፤ ዝናቡ ካማረ ይሰጣሉ፣ ካላማረ አይሰጡም። እሷን ትምህርት ቤት የሚያቆያት ወፍጮው ነው። በመጪው ዓመት ስምንተኛን ጨርሳ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ የሚያስገባትም እሱው ነው።

«ስሚ» አለች ኩብራ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «ሴትዮዋ ቴምብር ትሰበስባለች በይ። የፈረንጅ አሮጊት ሁሉ ቴምብር ይሰበስባል። የኢትዮጵያ ቴምብር ላኩልኝ ትላለች በይና፣ ኻላስ! እዚህ ማን ያውቅብሻል? ቲቸር እንደሆነ ጥርሱን ይዞ ሄዷል።»

«አትቀንሺ፣ አትጨምሪ አለኝ እኮ።»

«ጥርሱን እንጂ ቃልሽን አይነቅልም!»

የሻረግ ሳቅ አመለጣት።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ ማሽላ የያዘው ሰው እስከ መንገዱ ተሰልፎ ነበር። የመኸር ጊዜ ነው። ከጎጃምና ከወሎ የወረደው የቀን ሠራተኛ ቀለቡን ተሸክሞ ይመጣል፤ ጎጃሜው በወሎዬው አነጋገር ያሾፋል፣ ወሎዬው ይመልሳል፣ ወረፋ የሚዘል ሲመጣ ሁለቱም አንድ ሆነው ይገፉታል። የሻረግ ከደጅ ሆና የድንጋዩን ድምፅ ሰማች። ስል ሲሆን ያፏጫል፣ ሲደነዝ ያጉረመርማል። ዛሬ ያጉረመርማል። ማክሰኞ ከፍቶ መውቀር ያስፈልጋል፤ የድንጋዩን ፊት በመሮ እየወቀሩ ቦዩን መሳል ከአያቷ የተማረችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ነው።

«መጣሽ? ምነው ዘገየሽ? ፀሐዩ መታሽ? እባብ አየሽ? ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ከንፈርሽ የደረቀው?» አሉ እማማ ውባንች ገና ሳትገባ። ነጠላቸው፣ ቅንድባቸው፣ የዓይናቸው ሽፋሽፍት ሳይቀር ዱቄት ነው። የሻረግ ስትወጣ ስለ ወባ፣ ስትገባ ስለ ፀሐይ፣ ቁጭ ስትል ስለ ጊንጥ ይጨነቃሉ። ዛሬ ግን የልጅቱ ፊት ሌላ ነገር ነገራቸውና ሞተሩን አጠፉት። ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ተንቀርፍፎ ቆመ። ከደጅ «ኧረ እማማ፣ ምነው?» የሚል ጩኸት ተነሳ።

«ሞተሩ ይረፍ! እናንተስ ቢሆን አታርፉም?» ብለው በሩን ገርበብ አደረጉት።

የሻረግ ቆማ ነገረቻቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። «ዋልተር» የሚለውን ስም ስትጠራ እማማ ውባንች ከቆሙበት ቀስ ብለው የእህል ማዳበሪያው ላይ ተቀመጡ።

«እህት ነበረችው?» አሉ።

«አሁንም አለች።»

«አርባ ዓመት!» እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «እንግዲህ ያወቅሽውን አወቅሽ። የጣሊያን ጦር መተማን ለቆ የሸሸ ጊዜ ከእንግሊዞቹ ጋር የመጣ መካኒክ ነበር። ረጅም፣ ቀይ፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው። ወባ ጥሎት ሲንቀጠቀጥ አያትሽ አዝሎ ቤት አመጣው። እኔ የአንድ ዓመት ሙሽራ ነበርሁ። ሲሻለው፣ በእጄ ስፈጭ ቁጭ ብሎ ያየኛል። መጁን ከእጄ ተቀብሎ ዳበሰው፤ ወዲያው እንባው ወረደ። የባለወፍጮ ልጅ መሆኑን በዚያ ነው ያወቅነው። ከዚያ ከጓንግ ወንዝ ድንጋይ አወጡ፤ አያትሽና እሱ። ሁለት ድንጋይ፤ አንዱን እሱ ወቀረ፣ አንዱን አያትሽ። ሞተሩ ጣሊያን ጥሎት ከሄደ የተሰበረ መኪና የወጣ ነው። አማርኛ አያውቅ፣ አያትሽ እንግሊዝኛ አያውቅ፤ ሲጣሉ ማየት ነበረብሽ፣ እያንዳንዱ በቋንቋው ይሳደባል፣ ሁለቱም ይግባባሉ።»

ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ተዉት።

«ሊሄድ የተነሳበት ጠዋት ብቻውን ገብቶ ሲቀጠቅጥ አረፈደ። ሲጨርስ አያትሽን ጠራው። እጁን ይዞ ድንጋዩ ላይ አሳረፈለት፤ ከዚያ ደረቱን በጣቱ ነካ አደረገው። የአገራቸው ስንብት ነው ብለን አለቀስን። መኪናው ወሰደው።»

«ድንጋዩ ላይ የጻፈውስ?»

«እሱን ነው የምልሽ! አያትሽም እኔም ፊደል አንለይም። የድንጋዩ ጀርባ በሳጥኑ የተከደነ ነው፤ ከባለወፍጮ በቀር ማን ያየዋል? አያትሽ ሞተ። በስድሳ ሰባት ትርፍ ቤት የሚወርሰው አዋጅ የወጣ ጊዜ፣ ቤቴ ውስጥ የፈረንጅ ጽሕፈት ቢያገኙ ይወስዱብኛል ብዬ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ትምህርት ቤቱ ሲገነባ የተረፈ ሲሚንቶ ለምኜ መረግሁበት።»

የሻረግ ወደ ድንጋዩ ሳጥን ዞረች። ያንን ለስላሳ ግራጫ ጀርባ ስንት ጊዜ በእጇ አብሳዋለች! ድንጋዩ እንዲከብድ የተለሰነ ይመስላት ነበር።

«እንክፈተው እማማ። ዛሬ፤ አሁን። የማን ስም እንዳለ ካወቅን—»

«እንዳትነኪው!» እማማ ውባንች ብድግ አሉ። «የሱ ብቻ ቢሆንስ? አሁን አላወቅሁም ብዬ እምላለሁ። ካየሁት በኋላ በምን አፌ እምላለሁ? ልጄ፣ ዓለሜ፣ በሞቴ፤ ቅዳሜ ስትቆሚ ሌላ ነገር በይ። ሴትዮዋ ጤና ይስጥልኝ ብላለች በይ። አርባ ዓመት ያልመለስንላትን ዛሬ ብንመልስላት ምን ይጠቅማታል? አንቺ ግን ጎንደር ትሄጂያለሽ።»

መሮውንና መዶሻውን አንስተው ከአልጋቸው ሥር ባለ ሻንጣ ቆለፏቸው። ቁልፉን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

ዓርብ ከትምህርት መልስ የሻረግ ከደብተሯ ሁለት ገጽ ገነጠለች። በአንደኛው ላይ ዶሮቲ ፓስክ መንገድ ሲሠራ ስለ ጠፋ ወንድሟ ትጠይቃለች፤ ወፍጮ የሚባል ነገር የለም። አምስት መስመር ጽፋ ጨረሰችው፤ ቀላል ነበር። በሁለተኛው ላይ እውነተኛውን ጻፈች። ስሞቹ ጋ ስትደርስ እጇ ዘገየ። ቶማስ። ሪቻርድ። ሌላ ቶማስ። እነዚህ ሰዎች የደነዘ ድንጋይ ድምፅ ያውቃሉ። በዱቄት ብናኝ ያስነጥሳሉ፤ መሮ ስቶ አውራ ጣታቸውን መቷቸዋል። አንዲት አሮጊት እዚያ ማዶ ተቀምጣ እነዚህን ስሞች በጣቷ ትቆጥራለች፤ ስድስት ላይ ስትደርስ ጣቷ ይቆማል። የሻረግ ሁለቱንም ወረቀት አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተቻቸው። የትኛው ከላይ እንደሆነ ሆን ብላ አላየችም።

ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌው ግቢ ያለው ዋርካ ሥር ሰው ጢም ብሎ ሞላ። ሊቀመንበሩ ጓድ አዛናው ካኪ ለብሶ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ተቀምጧል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የተጻፈ ነገር ካላየ ግን የገዛ እናቱን «እናቴ ናት» ብሎ የማይፈርም ዓይነት ነው። ኩብራ ከሴቶቹ መሐል ሆና በከንፈሯ «ቴምብር፣ ቴምብር» ትላለች። እማማ ውባንች ፊት ለፊት ተቀምጠው መቀነታቸውን ጨብጠዋል።

«ተማሪ የሻረግ» አለ አዛናው። «ደብዳቤው ከየት ነው? ምን ይላል?»

የሻረግ ተነሳች። ደብተሯን ገለጠች፤ ከላይ የነበረው አጭሩ ወረቀት ነበር። አምስት መስመር። አያቷን አየቻቸው። እማማ ውባንች በዓይናቸው ለመኗት። አጭሩን አነሳችው። አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ አጠፈችውና ከሥሩ ያለውን አወጣች።

«ለመተማ ባለወፍጮ» ብላ ጀመረች።

አንዲት ቃል አልጨመረችም፣ አንዲት አላስቀረችም። ስትጨርስ ዋርካው ሥር ጉምጉምታ ተነሳ።

«አላልኳችሁም? የእንግሊዝ ወፍጮ ማለት የእንግሊዝ ወፍጮ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አንተ ደግሞ ስንት ዘመን ሙሉ እዚያ አስፈጭተህ የእማማን ዱቄት ከበላህ በኋላ ነው ነገር የምታመጣ?» አለች ሌላዋ።

አዛናው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። «እማማ ውባንች፣ የባሌ ድካም ነው ብለው ምለው ነበር።»

እማማ ውባንች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች የሻረግ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ከፍ አለ። «ደብዳቤው ወፍጮው የእንግሊዝ ነው አይልም። መጨረሻ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ጌታው እሱ ነው ይላል። እርስዎ የተጻፈ ነገር ካላዩ አይፈርሙም። የተጻፈው ደግሞ እዚህ ወረቀት ላይ አይደለም፤ ድንጋዩ ጀርባ ላይ ነው።»

«ያንቺ ድንጋይ የዋልተርን ስም ብቻ ያሳየ እንደሆነስ?»

የሻረግ ደብተሯን ዘጋች። «እሱን ይጽፋሉ።»

አዛናው መዝገቡን አነሳ። «ድንጋዩ ያለውን እጽፋለሁ» አለ፤ ተነሳ።

ስብሰባው ሁሉ ተነስቶ ወደ ወፍጮ ቤቱ ነጎደ። ማሽላ ይዘው የሚጠብቁት የቀን ሠራተኞች ጉድ ፈላ ብለው መንገድ ለቀቁ። የሻረግ እህል የሚፈስበትን ቆርቆሮ አነሳች፤ የሳጥኑን ክዳን ፈታች። የላይኛው ድንጋይ ግራጫ ጀርባውን ይዞ ተገለጠ።

«መዶሻ አምጡ! ባፈና ይምታው፣ ጉልበት አለው» አለ አዛናው። ከሠራተኞቹ መሐል ትከሻው በር የሚሞላ ሰው እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ።

«አይሆንም!» አለች የሻረግ። «ጋሽ ባፈና ከመታው ከሲሚንቶው ጋር ፊደሉም ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ የወቀረ ሰው ነው።» ወደ አያቷ ዞራ እጇን ዘረጋች። «እማማ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

እማማ ውባንች መቀነታቸውን ለመፍታት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው፤ ጣታቸው እንቢ አለ። በመጨረሻ ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖሩላት። «ጣትሽን እንዳትመቺ» አሉ ብቻ።

የሻረግ ሻንጣውን ከፍታ መዶሻውን አወጣች፤ መሮውንም አጋድማ ያዘች። ቀስ አድርጋ መታች። ሲሚንቶ ደነዝ ነው፣ ሲመታ «ዱብ» ይላል፤ ድንጋይ ግን ይጮኻል። ጆሮዋን አስጠግታ፣ ዱብ እያለ ሲፈነከት እየቀጠለች፣ ድንጋዩ ሊጮኽ ሲል እየቆመች ገፈፈችው። ላቧ አፍንጫዋ ላይ ተንጠለጠለ። ኩብራ በሻሿ ጠረገችላት። መጀመሪያ የወጡት ቀጥ ያሉ የፈረንጅ ፊደላት ነበሩ።

«ዋልተር ፓስክ» አነበበች የሻረግ።

አዛናው መዝገቡ ላይ ጻፈ። የእርሳሱ ድምፅ እስከ በሩ ተሰማ። እማማ ውባንች ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በቃ» አሉ ለራሳቸው። «በቃ፣ ይሁን።»

የሻረግ ግን አላቆመችም። ከስሙ ሥር አንድ ጣት የሚያህል ወርዳ መታች። ዱብ። አንድ ስንዝር ሲሚንቶ ተሰንጥቆ እንደ ቅርፊት ተነሳ። እፍ ብላ አቧራውን ነፋችው፤ ያየችውንም አየችና መሮውን አስቀመጠች።

«እማማ» አለች። «ይምጡ።»

«ምን ልሁን ብዬ?»

«ያንብቡት።»

«ፈረንጅኛ እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ፈረንጅኛ አይደለም።»

እማማ ውባንች ዓይናቸውን ገለጡ። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀታቸው፣ በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት የተቀበሉት፣ ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ በመስተዋት ተሰቅሏል። ሲሚንቶውን ከመረጉ ስድስት ዓመት ቆይተው ነው ፊደል የቆጠሩት። ተነስተው ድንጋዩ ላይ ጎነበሱ። ጣታቸውን በመጀመሪያው ፊደል ቦይ ውስጥ ሰደዱ፤ ልክ በማታ ትምህርቱ ሰሌዳ ላይ እንዳደረጉት።

«ያ...» አሉ። ሁለተኛው ላይ ወረዱ። «ረ...» ሦስተኛው ላይ ቆዩ፤ ፊደሉ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ ቆሟል። «ይቺ... ይቺ ጋ ናት። ጋ እንዲህ አትጻፍም! እግሯን ገልብጦባታል! ...ል።»

ቀና አሉ። ያነበቡት ነገር አሁን ገና ደረሳቸው።

«ያረጋል» አሉ። «ያረጋል ይላል! የኔ ያረጋል!»

«ከሥሩ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አራት ይላል» አለች የሻረግ። «በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፈው፤ ከሰው አስጽፎ ነው የቀዳው።»

እልልታው ከየት እንደጀመረ ማንም አላወቀም። ኩብራ ናት የሚሉ አሉ። ወፍጮ ቤቱን ሞልቶ በደጃፉ ወጣ፤ ሰልፉ ላይ ያሉት ሠራተኞች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሉት። እማማ ውባንች ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አቅፈው ጉንጫቸውን አስደግፈውበት ነበር። ሲያለቅሱም ሲስቁም አንድ ላይ ነበር። «በገዛ እጄ! በገዛ እጄ ስሙን ቀብሬ ስምንት ዓመት ስጨነቅ ኖርሁ! ኧረ እኔን!»

አዛናው ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ለራሱ አነበበ። ቀጥሎ ባነበበው ላይ በጣቱ ሄደበት። መዝገቡን ከፍቶ የጻፈውን መስመር ሰረዘና እየጮኸ እያነበበ ሌላ ጻፈ። «ወፍጮው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አራት ዓመተ ምሕረት ከሠሪው ለአቶ ያረጋል የተላለፈ ስለሆነ፣ የውጭ ሰው ንብረት ተብሎ አይመዘገብም።» ፈረመበት። እርሳሱን ጆሮው ላይ መለሰ። «ምስክር የሚሆን ይፈርም። የጣት አሻራ የለም፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ በስሙ ይፈርም።»

መጀመሪያ እርሳሱን የቀሙት እማማ ውባንች ነበሩ።

«ሁሉም ደህና» አለ ባፈና ከበሩ ላይ ሆኖ፣ ማሽላውን ከትከሻው ሳያወርድ። «ታዲያ የእኛን ማን ይፈጭልናል?»

ማክሰኞ መምህር ሙሉአለም አንድ ጥርስ ጎድሏቸው ከጎንደር ተመለሱ። ትርጉሙን ከእንግሊዝኛው ጋር አስተያይተው፣ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ «እዚህ ጋ ጊዜውን አሳስተሻል» አሏትና ለመልሱ የሚሆን ፖስታ ሰጧት። የሻረግ መልሱን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ጻፈችው። ድንጋዩ ሊወቀር ተከፍቶ ስለነበር ሞተሩ ጸጥ ብሏል። ስለ ወባው፣ ስለ ጓንግ ድንጋይ፣ ስለ ስድቡ፣ ስለ ተገለበጠችው ጋ ጻፈች። የእርስዎ ቤት ስም ስድስት ላይ አላቆመም፣ እዚህ ሰባተኛው አለ ብላ ጻፈች።

«ጋን እንዴት እንደሚጽፏት በትንሹ አሳዪያት፤ ወንድሟ ተሳስቷል» አሉ እማማ ውባንች ከትከሻዋ በላይ እያዩ። «ደግሞ ይበርዳቸዋል እዚያ፤ ደህና ልበሺ በያት።»

«እሺ እማማ።»

«ስምንተኛውስ?» አሉ ድንገት። «ከያረጋል በታች ያለው ባዶው ቦታ? አባትሽ እርሻ መርጧል። ያንቺን ጻፊበት። ጎንደር ከመሄድሽ በፊት፣ እኔ እያየሁ።»

የሻረግ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አያቷ ያረጋል ከሞቱ ጀምሮ ይህንን ድንጋይ የወቀረው ማን ነው? ሲያጉረመርም ተነስቶ የሚያየው፣ በደመናም በፀሐይም በሩን የሚከፍተው? ድንጋዩ ጀርባ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ለካችው፤ ለሁለት ስም ይበቃል። የመጀመሪያውን ፊደል በጠመኔ ነካ ነካ አደረገችው።

እማማ ውባንች ጎንበስ ብለው አዩ። «ምን ልትጽፊ ነው? ያንቺ በየ ነው የሚጀምረው! ይሄ ው ነው!»

«አውቃለሁ።»

«አይሆንም! የኔን ስም ድንጋይ ላይ? ሰው ይስቅብኛል! በዚህ ዕድሜዬ— ኧረ ልጄ ተይ— ጣትሽን እንዳትመቺ!»

የሻረግ መሮውን ጠመኔው ላይ አሳረፈች። ጆሮዋን አስጠጋች፤ መዶሻውንም አነሳች። ድንጋዩ ጮኸ።